ሳይገባችሁ መልካም ሲደረግላችሁ፦ ከቸርነት ወደ ንስሐ እንዴት ይኬዳል?

«ጥፋቴን እያወቀ እግዚአብሔር ለምን መልካም ሆነልኝ? አሁንስ ምን ላድርግ?» ይህን ጥያቄ በተለያየ መልክ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። አንዱ ከከባድ ሕመም ተነሥቷል። አንዷ ጉዷ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ተሸፍኖላታል። ሌላው ትዳሩን ሊበትን ጫፍ ደርሶ ተመልሷል። ሁሉም «ተመስገን» ብለዋል። ብለው ሲያበቁ ግን አንድ ነገር እንደቀራቸው ይሰማቸዋል። የቀረው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚደረግ ተራ በተራ እነሆ።

መነሻው ሮሜ 2፥4 ነው። ጳውሎስ እዚያ ላይ የእግዚአብሔር ቸርነትና ትዕግሥት ሰውን ወደ ንስሐ እንደሚመራ ይናገራል። ስለዚህ ከታች ያለው አካሄድ መጀመሪያ የተደረገላችሁን፣ ቀጥሎ ያደረጋችሁትን ያስቀምጣል። ብዙ ሰው ገልብጦ ከጥፋቱ ይጀምራል። ያኔ ወይ ይፈራና ይሸሻል፣ ወይ ሰበብ መደርደር ይጀምራል። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ አትጻፉ። መልእክት ይገባል፣ ሐሳብ ይበተናል። ደግሞም በኋላ የሚቀደድ ገጽ አለ።
- መጽሐፍ ቅዱስ። ሉቃስ 5፥1-11፣ 2ኛ ሳሙኤል 12፥1-13 እና መዝሙር 51 ላይ ምልክት አድርጉ። (መዝሙሩ በሌላው አቆጣጠር 50 ነው።)
- ማንም የማያቋርጣችሁ 1 ሰዓት። ይህ ከደረጃ 1 እስከ 4 ላለው ነው። የቀሩት ቀናት ይወስዳሉ።
- ምሥጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው። ማን እንደሚሆን ደረጃ 5 ላይ እንመጣበታለን።
- የሰው ገንዘብ ወይም ዕቃ በእጃችሁ ካለ፣ እሱም።

ደረጃ 1፦ በግራው ገጽ ላይ የተደረገላችሁን ጻፉ

ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ገጾች ግለጡ። በግራው ላይ እግዚአብሔር ያደረገላችሁን 5 ነገሮች ጻፉ። አምስት ይበቃል። «ሕይወት ሰጠኝ፣ ጤና ሰጠኝ» ብላችሁ ግን አትለፉት። እንዲህ ያለውን ማንም ሰው ሳያስብ ይጽፈዋል።

ያዕቆብ በዘፍጥረት 32፥10 እንዴት እንደጸለየ ተመልከቱ። ከምሕረትህ ሁሉ ትንሹ እንኳ አይገባኝም ይላል፤ ምክንያቱንም አብሮ ይቆጥራል። ዮርዳኖስን ሲሻገር በእጁ የነበረው በትር ብቻ ነው። ሲመለስ ግን ሁለት ሰፈር የሚሞላ ሰውና ከብት ይዟል። እናንተም እንዲሁ «ያኔ» እና «አሁን» እያላችሁ ጻፉ። «ያኔ ሐኪሙ ፊቱን ሲያጠቁር አይቻለሁ፤ አሁን ደረጃ እየወጣሁ ነው።» «ያን ሌሊት ጠጥቼ መኪና ነዳሁ፤ ማንንም ሳልገጭ ቤቴ ገባሁ።»

ሁለተኛውን ዓይነት በተለይ አትዝለሉት። ጥፋት ላይ እያላችሁ የተደረገ ቸርነት ነውና ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ እንደዚህ ያሉ ይሁኑ።

ለምን እንዲህ በዝርዝር? ልብ በጥቅል ነገር አይነካም። ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ አንድ ዓሣ አልያዘም ነበር። ኢየሱስ መረቡን ጣሉ አለ። መረቡ ሊቀደድ ደረሰ፣ ሁለት ታንኳ ሊሰጥም እስኪቃረብ ሞላ። ጴጥሮስ ከኢየሱስ ጉልበት በታች ወድቆ ኃጢአተኛ ሰው ነኝ ያለው ያን ጊዜ ነው። ማንም አልገሠጸውም። ስለ ኃጢአቱ አንድም ቃል አልተነሣም። የሰበረው ዓሣው ነው!

እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት አለ፤ «እንደ እገሌ ስላልሆንኩ ተመስገን» ማለት። በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊም ጸሎቱን በምስጋና ነበር የጀመረው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጾማል፣ ከገቢው ሁሉ አሥራት ያወጣል። ምስጋናው የተበላሸው አጠገቡ ያለውን ቀራጭ መለኪያ ስላደረገው ነው። ግራ ገጻችሁ ላይ ለንጽጽር የገባ ሰው ካለ ሰርዙት።

ደረጃ 2፦ ዝም መባልን እንደ መስማማት አትቁጠሩ

አጭር ደረጃ ነው። ከግራው ገጽ ግርጌ ይህን ጻፉ፦ «ይህ የተደረገልኝ ትክክል ስለነበርኩ አይደለም።»

ሰው ጥፋቱ ሳይቀጣ ሲቀር ሁለት ነገር ያስባል። አንድም አልታየም፣ አንድም ያን ያህል ከባድ አይደለም። መዝሙር 50፥21 (በሌላው አቆጣጠር 49) ላይ እግዚአብሔር ዝም ስላልኩህ እንዳንተ የሆንኩ መሰለህ የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስንም አስታውሱ። ለሞት ታምሞ ዳነ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። 2ኛ ዜና መዋዕል 32፥25 ግን እንደተደረገለት መጠን አልመለሰም፣ ልቡ ኮራ ይላል። ኋላ ራሱን እስኪያዋርድ ድረስ ነገሩ ተበላሽቶ ነበር። አደገኛው ጊዜ ከቸርነቱ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው። ስለዚህ ይህን ሥራ «ሲመቸኝ» ብላችሁ አታቆዩት፤ በዚያው ሳምንት አድርጉት።

ደረጃ 3፦ በቀኙ ገጽ ላይ ያደረጋችሁትን በትይዩ ጻፉ

አሁን ከእያንዳንዱ ቸርነት ፊት ለፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ «እኔስ በዚህ ምን አደረግኩበት?»

ይህን አካሄድ ከነቢዩ ናታን ነው የወሰድኩት፤ ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ ሊገሥጸው የተላከው እሱ ነው። ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ካለ በኋላ በቀጥታ ወደ ዳዊት ጥፋት አልሄደም። ቀባሁህ፣ ከሳኦል እጅ አዳንኩህ፣ ቤት ሰጠሁህ፣ ያ ካነሰህ እጨምርልህ ነበር የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል አስቀደመ። «ታዲያ ለምን?» የሚለው ከዚያ በኋላ መጣ። ጥፋቱ ከቸርነቱ አጠገብ ሲቀመጥ መልኩ ይለወጣል። ደንብ መጣስ ብቻ መሆኑ ይቀርና የወደደንን ማቁሰል መሆኑ ይታያል።

ስትጽፉ ያደረጋችሁትን ድርጊት ጻፉ። «ትዕቢት አለብኝ» አይበቃም። «የሥራ ባልደረባዬ የሠራችውን የራሴ አስመስዬ አቀረብኩ» ይበቃል። «ፍቅር ይጎድለኛል» አይበቃም። «እናቴ ስትደውል ሆን ብዬ ስልክ አላነሣም» ይበቃል። ገጹን ያገኘ እንግዳ ሰው አንብቦ «አሃ፣ ይህን አድርጓል» ማለት መቻል አለበት። እኔ በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። «ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን» እውነት ነው፤ ግን ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው በሕዝቡ መካከል ለመደበቅ ነው።

አምስቱም ቦታ ላይሞላ ይችላል። ሁለት እውነተኛ መስመር ከአሥር የተፈበረከ ይሻላል። ጥፋት ፍለጋ አትቆፍሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሌላ ሰው የፈጸመባችሁን በደል በዚህ ገጽ ላይ አትጻፉ። የተደበደበ ሰው፣ የተደፈረች ልጅ፣ በልጅነቱ የተበደለ ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ወደ ራሱ ይወስዳል። የተደረገባችሁ ነገር የእናንተ ኃጢአት አይደለም። ንስሐ የሚገባው ያደረገው ሰው ነው።

ደረጃ 4፦ ያለ ሰበብ ለእግዚአብሔር ተናገሩት

ሳኦልም ዳዊትም «በድያለሁ» ብለዋል። ልዩነቱ ከቃሉ በኋላ የመጣው ነው። በ1ኛ ሳሙኤል 15 ሳኦል በድያለሁ ይልና ሕዝቡን ስለፈራሁ ነው ብሎ ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቢያንስ በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎ ሳሙኤልን ይለምናል። ዳዊት «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ፣ አበቃ። በዕብራይስጡ ሁለት ቃል ብቻ ነው።

እንግዲህ እናንተም በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ይህን አደረግክልኝ። እኔ ይህን አደረግኩ። ማረኝ።» በየቦታው ከደብተራችሁ ያለውን አስገቡ። ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩት፤ በልብ ብቻ ሲሆን ይሸራረፋል። «ግን» ወይም «ምክንያቱም» ከአፋችሁ ከወጣ ያንን ዐረፍተ ነገር እንደገና ጀምሩ። ስትጨርሱ መዝሙር 51ን ከላይ እስከ ታች አንብቡ።

«እንባ አልመጣልኝም፤ ንስሐዬ አልሠራም ማለት ነው?» ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። መልሱ አይደለም ነው። በብሉይ ኪዳን ለንስሐ በብዛት የሚውለው የዕብራይስጥ ቃል «ሹብ» መመለስ፣ ዞሮ መምጣት ማለት ነው። እንባ ቢመጣ መልካም፣ ባይመጣ ዞሮ መምጣቱ አይቀርም። በአንጻሩ ደግሞ ከባድ ጸጸት ብቻውን ሰውን አይመልስም። ይሁዳን አስቡ። ተጸጸተ። በድያለሁ አለ። ሠላሳውን ብር እንኳ መለሰ። በአብዛኛው የሚፈለገውን ሁሉ አድርጓል ማለት ይቻላል። ወደ ኢየሱስ ብቻ አልመጣም። ጴጥሮስም በዚያው ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ፣ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ኋላ ግን ኢየሱስን ባሕር ዳር ሲያየው ታንኳው እስኪደርስ መታገሥ አቅቶት ውኃ ውስጥ ዘለለ። ስለዚህ ራሳችሁን የምትጠይቁት «ምን ያህል አዘንኩ?» ብላችሁ አይሁን። «ወደ እርሱ እየሄድኩ ነው ወይስ ከእርሱ እየራቅኩ?» በሉ።

ደረጃ 5፦ ለአንድ ሰው ተናገሩ

ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ ኃጢአታችሁን ተናዘዙ ይላል። የቤተ ክርስቲያናችሁን ሥርዓት ተከተሉ። የንስሐ አባት ያላችሁ ወደ እሳቸው ሂዱ። በሌላ ሥርዓት ያላችሁ መጋቢያችሁን ወይም በእምነት የበሰለ ሰው ምረጡ። ይህ ሰው ከዚህ በፊት የሌላ ሰው ምሥጢር ለእናንተ ያወራ ከሆነ ተዉት። የእናንተንም ያወራዋል።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ብቻችንን ስንሆን ጥፋታችንን ወይ እናሳንሰዋለን ወይ እናገዝፈዋለን። ሌላ ሰው ሲሰማው በልኩ ይሆናል። ደግሞም ምሕረቱን ከሰው አፍ መስማት ለደከመ ልብ ሌላ ነገር ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ፖስት ማድረግ መናዘዝ አይደለም። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው» የሚል አስተያየት መቁጠር ከጀመራችሁ ሌላ ንስሐ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 6፦ ወደ በደላችሁት ሰው ሂዱና መልሱ

ብዙዎች እዚህ ይቆማሉ። እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ ሰውየው ምን አገባው ይላሉ። ማቴዎስ 5፥23-24 ግን ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር እንዳለ ካስታወስክ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መስጠት የሰው ዕዳ መክፈያ አይሆንም።

ጉዳዩ ገንዘብ ወይም ንብረት ከሆነ ሙሉውን መልሱ። በሙሴ ሕግ (ዘኍልቁ 5፥7) የበደለ ሰው ዋናውን መልሶ አንድ አምስተኛ ይጨምር ነበር። ቀራጩ ዘኬዎስ ደግሞ (ሉቃስ 19) አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ የሀብቱን እኩሌታም ለድሆች ሰጠ። ልብ በሉ፣ ኢየሱስ ዛሬ በቤትህ እውላለሁ ያለው ዘኬዎስ ምንም ሳይመልስ ነው። መመለሱ ምሕረት መግዣ አልነበረም፤ ደስ ብሎት ያደረገው ነው። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ ቀን ቆርጣችሁ ለሰውየው ንገሩት።

ጉዳዩ ቃል ወይም ድርጊት ከሆነ እንዲህ በሉ፦ «ይህን አድርጌብሃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ። ለማስተካከል ምን ላድርግ?» ከዚያ ዝም በሉ። «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» አትበሉ። «ካ» የምትለዋ ትንሽ ፊደል ጥፋቱን ወደ ሰሚው ታዞራለች፤ ችግሩ የአንተ ቶሎ መቀየም ነው እንደ ማለት ነው።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጓደኛዬን ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ለምን እንዳደረግኩት አስረዳሁት። ስወጣ ቀሎኛል። እሱ ግን እንደገና ተቆጥቶ ነበር፤ በኋላ ሲነግረኝ «ይቅርታ ሳይሆን ክርክር ነው ያመጣህብኝ» አለኝ። ደግሜ ሄድኩ። ሁለተኛው ጉብኝት ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሰውየው ይቅር ባይላችሁስ? መብቱ ነው። የእናንተ ድርሻ መጠየቅና መመለስ ነው። አትነዝንዙት፣ ሽማግሌ ልካችሁ አታስጨንቁት።

በዚህ ደረጃ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች፦

- ሰውየው የማያውቀውን የልባችሁን ሐሳብ ሄዳችሁ አትንገሩት። «ለሦስት ዓመት እጠላህ ነበር፣ ይቅር በለኝ» ማለት ሸክማችሁን እሱ ላይ ማራገፍ ነው። ያንን ለእግዚአብሔርና ለደረጃ 5 ሰው ተናገሩት።
- መናገራችሁ ሦስተኛ ሰው የሚያጋልጥ ወይም ቤት የሚያናውጥ ከሆነ አስቀድማችሁ ተማከሩ። መቅረት አለበት አላልኩም። ጊዜውና አነጋገሩ ምክር ይፈልጋል።
- በዳያችሁ የሆነ፣ አሁንም ሊጎዳችሁ የሚችል ሰው ዘንድ ብቻችሁን አትሂዱ።
- ጉዳዩ በሕግ የሚያስጠይቅ ከሆነ ንስሐ መግባታችሁ ከሕግ አያስጥልም። የሕግ ምክር ያዙ፤ ግን መደበቂያ አታድርጉት።

ደረጃ 7፦ የያዛችሁትን ሰው ልቀቁ

በማቴዎስ 18 ያለው ባሪያ 10,000 መክሊት ተተወለት። ወጥቶ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንገቱን አነቀ። ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ ነው፤ አንድ መክሊት ደግሞ 6,000 ዲናር ያህል ነበር። ስሌቱን ብትሠሩት የተተወለት ዕዳ ካልተወው 600,000 እጥፍ ይበልጣል። መቶ ዲናር ግን ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከሦስት ወር በላይ የሚሆን ደመወዝ ነው። የተደረገባችሁ ነገር ትንሽ ነው አልልም። በግራው ገጽ ካለው አጠገብ አስቀምጣችሁ እዩት ነው የምለው። የአንድ ሰው ስም ጻፉና «ከዚህ በኋላ አልበቀለውም» ብላችሁ በጸሎት ተናገሩ። ይቅር ማለት ሰውየውን እንደ ድሮው ማመን ማለት አይደለም፤ መታመን በጊዜ ነው የሚመለሰው።

ደረጃ 8፦ ለ7 ቀን ትሕትናን ተለማመዱ

ንስሐው ካለፈ በኋላ ልብ ቶሎ ይደነድናል። ለዚህ ነው ልምምድ የሚያስፈልገው። በየቀኑ አንዱን ብቻ ምረጡ፦

- ስትነቀፉ ለአንድ ቀን መልስ አትስጡ። በነቀፋው ውስጥ እውነት የሆነውን አንድ ነገር ፈልጉ።
- ማንም የማያየው አንድ ሥራ ሥሩ፣ ለማንም አትናገሩ።
- የማታውቁትን ስትጠየቁ «አላውቅም» በሉ።
- በእናንተ ስም የተመሰገነ ሥራ ላይ የሌላ ሰው ድርሻ ካለ ስሙን ጥሩ።
- ከእናንተ በታች ያለ የሚመስላችሁን ሰው ምክር ጠይቁ። ሳታቋርጡ ስሙት።

ራስን ማንቋሸሽ ትሕትና አይደለም። «እኔ ምናምንቴ ነኝ» የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ ስለ ራሱ እያወራ ነው። ችሎታችሁን ሲያመሰግኑላችሁ «አመሰግናለሁ» በሉና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ሌሎች ስሕተቶች

ውለታ ለመክፈል መሞከር። «ይህን ስላደረግክልኝ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ መሳል ንስሐን ወደ ንግድ ይለውጠዋል። ስእለቱ ሲፈርስ ደግሞ ሰውየው ከእግዚአብሔር ይሸሻል።

በሩን ክፍት መተው። በደሉ የሚመጣበት መንገድ ይታወቃል፤ የተወሰነ ሰዓት፣ የተወሰነ ሰው፣ የተወሰነ ስልክ ቁጥር አለው። ቁጥሩን ሳትሰርዙ «ዳግመኛ አልደውልም» ብላችሁ ብትምሉ ብዙም አትቆዩም።

አንዱን ኃጢአት ደጋግሞ መናዘዝ። ተናዝዛችሁ፣ መልሳችሁ፣ ከተዋችሁት በኋላ በየቀኑ ያንኑ እያነሣችሁ «ይቅር አላለኝም ይሆን?» የምትሉ ከሆነ ለደረጃ 5 ሰው ንገሩ። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ፣ ወይም ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ በዚያው ቀን የምታምኑት ሰው ዘንድ ሂዱና ሐኪም ዘንድ አብሯችሁ ይሂድ። ያ ሕክምና የሚሻ ነገር ነው፤ ተጨማሪ ንስሐ አይፈታውም።

ደብተሩን ምን እናድርገው?

ይህንንም ብዙዎች ይጠይቁኛል። ስትጨርሱ የቀኙን ገጽ ቅደዱት፣ በሰው እጅ እንዳይገባ አድርጋችሁ አስወግዱት። ያልተመለሰ ዕዳ ወይም ያልተጠየቀ ይቅርታ ካለበት ግን እስኪያልቅ ይቆይ። የግራው ገጽ አይቀደድም። ያንኑ ጥፋት ደግማችሁ ብትሠሩት የምትጀምሩት ከእሱ ነው፤ አምስቱን አንብቡና ስድስተኛውን ጨምሩበት።